የሩን ዕጣ እንዴት ይጣላል? እንዴትስ ይነበባል?

ሩኖች ከሁሉ በፊት ፊደሎች ናቸው። የሰሜን አውሮፓ ሰዎች በእንጨት፣ በአጥንትና በድንጋይ ላይ ይቀርጿቸው ነበር። ኖርዌይ ውስጥ በርገን ከተማ የወደቡ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1955 ተቃጥሎ ቦታው ሲቆፈር በመቶዎች የሚቆጠሩ የሩን ጽሑፎች ወጥተዋል። ብዙዎቹ ተራ ነገር ናቸው፤ የዕቃ ባለቤት ስም፣ የፍቅር ቃል፣ የንግድ መልእክት። አንዷ እንጨት ላይ «ጊዳ ቤትህ ግባ ትልሃለች» የሚል ተጽፏል። ሰውየው የት ተቀምጦ እንደነበር መገመት አያቅትም።

ታዲያ እነዚህን ፊደሎች በትኖ ለጥያቄ መልስ የመፈለጉ ዕጣ ከየት መጣ? የሮማው ጸሐፊ ታኪተስ እ.ኤ.አ. በ98 ስለ ጀርመን ነገዶች ሲጽፍ ሥርዓቱን በጥቂት መስመር አስፍሮታል። ፍሬ ከሚያፈራ ዛፍ ቅርንጫፍ ይቆረጣል። ቅርንጫፉ ይቆራረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ላይ እንደመጣ ይበተናል። ጉዳዩ የሕዝብ ከሆነ ካህኑ፣ የቤት ከሆነ አባወራው፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ሦስት ቁራጭ አንድ በአንድ ያነሳል፤ በምልክቶቹም ይተረጉማል። ታኪተስ «ምልክት» አለ እንጂ «ሩን» አላለም። ዘመናቸው በእርግጠኝነት የታወቀ የሩን ጽሑፎችም የሚጀምሩት ከሱ ትንሽ ዘግይተው፣ እ.ኤ.አ. በ150 ገደማ ነው። ቢሆንም ከዚህ የሚበልጥ የጥንት መመሪያ ስለሌለ እኔ የምከተለው እሱን ነው።

እንጨቱን ማዘጋጀት

መግዛት ትችላላችሁ። ከገዛችሁ መጀመሪያ ቁጠሩ። የጥንቱ የሩን ፊደል 24 ስለሆነ 24 መሆን አለባቸው። 25 ከሆኑ አንዱ ባዶ ነው ማለት ነው። ይህ «ባዶ ሩን» የሚሉት ነገር ጥንታዊ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ውስጥ ከታተመ መጽሐፍ የመጣ ነው። ጣሉት ግን አልልም። አንዱ ሲጠፋ መተኪያ ይሆናችኋል። ሻጩ «የቫይኪንግ ሩን» ብሎ ከጻፈበትም ፈገግ በሉና እለፉት። ቫይኪንጎቹ በዘመናቸው የሚጽፉት በ16 ፊደል ነበር። 24ቱ ከነሱ ይቀድማሉ።

በእጅ መሥራት ይሻላል፤ ፊደሎቹን የምታውቋቸው ስትቀርጿቸው ነውና። ታኪተስ ያለው ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ ስለሆነ እዚያ አገር ሃዘልም ኦክም ይሆናል። አዲስ አበባ ላላችሁ የጓሮ ኮክ ወይም ዘይቱን ይበቃል። ባህር ዛፍ ግን ተዉት፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ሰው ሁሉ የሚሠራው ክብ ክብ አድርጎ ነው፤ ቅርንጫፉን እንደ ካሮት እየከተፈ። ፎቶ ላይ ያምራል፤ ሥራ ላይ ግን ያበሳጫል። ክቡ ላይ በማርከር ብትጽፉ ቀለሙ እንጨቱ ውስጥ ይሰርግና ዳር ዳሩ ይደበዝዛል፤ በቢላ ብትሉ ደግሞ ጠርዙ ይፈረፈራል። እኔ የምመርጠው ጠፍጣፋ ቁራጭ ነው፤ የጣት ያህል ርዝመት፣ ሁለት ጣት ስፋት፣ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ። ሰንጢውን ያዙና የሩኑን ቋሚ መስመር እንጨቱ ከሚፈለጥበት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ አቋርጣችሁ ቁረጡ። ከቋሚው የሚወጡትን መስመሮች ሰያፍ አድርጓቸው። ያኔ ሩኖች ለምን አግድም መስመር እንደሌላቸው እጃችሁ ይነግራችኋል። እንጨቱ በሚፈለጥበት አቅጣጫ የተሳበ መስመር ወይ ከእንጨቱ መስመር ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል፣ ወይ ቁራጩን ለሁለት ይሰነጥቀዋል።

ስትቀርጹ ቅርጹን ከታመነ ሥዕል ላይ እያያችሁ ይሁን። የጥንት አይስላንዳውያን ስለ ገጣሚው ኤጊል የሚተርኩት አለ። እንግድነት የገባበት ቤት አንዲት ልጅ ታማ ተኝታለች። አልጋዋን ሲፈትሽ ሩን የተቀረጸበት የዓሣ ነባሪ አጥንት ያገኛል። የሰፈር ልጅ እንድትወደው ብሎ የቀረጸው ነው፤ ግን አያውቅበትምና አበላሽቶት ነበር። ኤጊል ፊደሎቹን ፍቆ እሳት ውስጥ ጣላቸው፣ አዲስ ቀርጾ ትራሷ ሥር አደረገ፤ ልጅቱም ዳነች። «ማንበብ የማይችል ሩን አይቅረጽ» ያለው ያኔ ነው ይባላል።

አውሮፓ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ናዚዎች ከነዚህ ፊደሎች ጥቂቱን ወስደው አርማ አድርገዋቸዋል። ሶዊሎ የሚባለው ሩን ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን ሲቆም ኤስኤስ የተባለው የናዚ ታጣቂ ድርጅት ምልክት ነው፤ ጀርመን ውስጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ኦታላና ቲዋዝ የሚባሉት ሩኖችም ያንን ታሪክ ተሸክመዋል። ከረጢት ውስጥ ሲሆኑ ችግር የለም። አንገት ላይ ማንጠልጠልና መነቀስ ግን ሌላ ነገር ነው።

24ቱን ማወቅ

ሦስት ቡድን ናቸው፤ በየቡድኑ ስምንት። ስሞቹን በዚህ መልክ ያቆዩልን የቋንቋ ሊቃውንት ናቸው፤ ከኋላ ዘመን ስሞች ተነስተው የጥንቱን መልሰው ገንብተዋል።

የመጀመሪያው ስምንት፦ ፌሁ ከብትና ሀብት፣ ኡሩዝ የዱር በሬ፣ ቱሪሳዝ ግዙፍ ፍጡር ወይም እሾህ፣ አንሱዝ አምላክ፣ ራይዶ ግልቢያና ጉዞ፣ ኬናዝ ችቦ፣ ጌቦ ስጦታ፣ ዉንዮ ደስታ። ሁለተኛው፦ ሐጋላዝ በረዶ፣ ናውዲዝ ችግር፣ ኢሳ ግግር በረዶ፣ የራ ዓመትና አዝመራ፣ ኤይዋዝ የው የሚባለው ዛፍ፣ ፐርት፣ አልጊዝ፣ ሶዊሎ ፀሐይ። ፐርት ምን እንደሆነ ሊቃውንቱም አልተስማሙም፤ ከጨዋታ ጋር ይያያዛል። አልጊዝን የኤልክ (የትልቅ አጋዘን ዓይነት) ሣር የሚሉት አሉ። ሦስተኛው፦ ቲዋዝ ቲር የሚባለው አምላክ፣ በርካኖ በርች የሚባለው ዛፍ፣ ኤዋዝ ፈረስ፣ ማናዝ ሰው፣ ላጉዝ ውኃ፣ ኢንግዋዝ ኢንግ የሚባለው አምላክ፣ ዳጋዝ ቀን፣ ኦታላ ርስት።

ይህ ብቻውን አይበቃም። «ፌሁ፦ ገንዘብ ይመጣል» ብሎ የሚጽፍ በራሪ ወረቀት ከገዛችሁት ሩን ከረጢት ውስጥ ታገኛላችሁ። ወረቀቱን ዕቃ መጠቅለያ አድርጉት። ከሱ ይልቅ ሦስቱን የሩን ግጥሞች ፈልጉ፤ የእንግሊዝ፣ የኖርዌይና የአይስላንድ። ለየሩኑ ጥቂት ስንኝ አላቸው፤ 24ቱንም የሚሸፍነው ግን የእንግሊዙ ነው፣ የኖርዌዩና የአይስላንዱ 16ቱን ብቻ ነው። የእንግሊዙ ጥንታዊ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1731 ቤተ መጻሕፍቱ ሲቃጠል ጠፍቷል። ግጥሙ የተረፈልን በ1705 ታትሞ ስለነበር ነው። ግጥሞቹ ሁልጊዜ አይስማሙም። ኬናዝ ለእንግሊዙ መኳንንት በተቀመጡበት የሚበራ ችቦ ነው፤ ለኖርዌዩ ሕፃናትን የሚገድል ቁስል። አንዱን ምረጡና ማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ መጣል ከመጀመራችሁ በፊት ግን ይሁን። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ተገልብጦ ለወጣ ሩን የተለየ ትርጉም መስጠት አሁን አሁን የመጣ ልማድ ነው። ጥንት ከግራም ከቀኝም ይጽፉ ነበር፤ ፊደሉንም ገልብጠው የቀረጹበት ጊዜ አለ። ከ24ቱ ዘጠኙ ደግሞ ቢገለበጡም ያው ናቸው። እኔ አልጠቀምበትም።

መጣሉ

ጥያቄውን በወረቀት ጻፉ። «አዎ» ወይም «አይ» የሚመለስ አይሁን። ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፤ ነጠላ ይሆናል። ቁራጮቹን በሁለት እጅ አማስላችሁ በትኑ፣ ሳታዩ ሦስት አንሱና ከግራ ወደ ቀኝ ደርድሩ። አለቀ። ሻማና ዕጣን ከፈለጋችሁ የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

አንድ ሕግ ግን ከታኪተስ ውሰዱ። ዕጣው ከከለከለ ያን ቀን ስለዚያ ጉዳይ ዳግመኛ አይጠየቅም። ከፈቀደም በዚያ አያበቃም፤ በወፎች ድምፅና በረራ፣ በነጭ ፈረሶች ማሽካካት ይጣራል። ፈረሱን ተዉት። ዳግመኛ አለመጣሉን ግን ያዙ። መልሱ ስላልጣማቸው ሦስት አራት ጊዜ የሚበትኑ አሉ። በመጨረሻ የሚፈልጉትን ያገኛሉ፤ ያን ጊዜ ግን እየመረጡ ነው እንጂ ዕጣ አልጣሉም።

ማንበቡ

ከ24 ሩን ሦስት ሲነሳ 2,024 ዓይነት ስብስብ ይወጣል። ችግሩ ደግሞ ሁሉም ለማንኛውም ጥያቄ የሆነ ነገር መናገራቸው ነው። የሰው አእምሮ አገጣጥሞ ያወጣዋል። ስለዚህ ሙያው ትርጉም ማግኘት ላይ አይደለም፤ እንደ ልብ መተርጎሙን አስቀድሞ መከልከል ላይ ነው። የሩኑ ትርጉም ቀድሞ የተጻፈ፣ ጥያቄው የተጻፈ፣ የሦስቱ ቦታም የታወቀ ይሁን።

ስለ ቦታው፣ ብዙ ሰው «ያለፈ፣ ያለ፣ የሚመጣ» ይላል፤ ኡርድ፣ ቨርዳንዲና ስኩልድ በተባሉት ሦስት የዕድል ሴቶች ስም። ታኪተስ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፈም። እኔ ደግሞ ሦስተኛው ቦታ ትንቢት ስለሚሆን አልወደውም። የኔ አደራደር ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ነገሩ ያለበት ሁኔታ፣ ሁለተኛው ያላየሁት፣ ሦስተኛው ማድረግ ያለብኝ።

በምሳሌ እንየው። አንድ ጓደኛዬ ሥራውን ለቆ ሱቅ ሊከፍት ነው። መነሻውን አጎቱ ያበድሩታል፤ ሱቁ ውስጥ የምትቆመው እህቱ ናት። «ልክፈት ወይስ አልክፈት?» ብሎ መጣ። «ብከፍት ምን ላይ ልጠንቀቅ?» ወደሚል ቀየርነው። ራይዶ፣ ፌሁ፣ ናውዲዝ ወጡ።

ፊቱ በራ። ጉዞ፣ ሀብት፣ ከዚያ ትንሽ ችግር። ተነሥተህ ሂድ፣ ብር አለ፣ ቻል አድርገው። በራሪ ወረቀቱን አንብቦ ስለነበር እንዲህ ማለቱ አይገርምም። ግጥሞቹ ግን ሌላ ይላሉ። የእንግሊዙ ስለ ራይዶ፦ ግልቢያ ቤት ውስጥ ለተቀመጠ ተዋጊ ቀላል ነው፤ በብርቱ ፈረስ ረጅሙን መንገድ ለሚሄድ ግን ብርታት ይጠይቃል። ዕቅዱ የተሠራው ሶፋ ላይ ነው ማለት ነው። የኖርዌዩ ደግሞ አጭር ነው፦ ግልቢያ የሚከፋው በፈረሱ ላይ ነው ይላል። እዚህ ሱቅ ውስጥ ፈረሱ ማነው? ጓደኛዬ ዝም አለ፤ ቆይቶ «እህቴ» አለ። ደሞዟን ገና አልተነጋገሩም ነበር።

ፌሁ ሁለተኛው ቦታ ላይ ነው፤ ያላየው ነገር። የኖርዌዩ ስንኝ፦ ሀብት በዘመድ መካከል ጠብ ያመጣል፤ ተኩላ በጫካ ያድጋል። አጎትየው ስንት ዓመት እንደሚታገሱ፣ ትርፍ ይካፈሉ አይካፈሉ፣ ምንም የተጻፈ የለም። ናውዲዝ ሦስተኛው ላይ፣ የእንግሊዙ ስንኝ፦ ችግር ልብን ያስጨንቃል፤ በጊዜ ከሰሙት ግን ብዙ ጊዜ ለሰው ልጆች እርዳታና መዳኛ ይሆናል። ዋናው ቃል «በጊዜ» የሚለው ነው። ሱቁ ሳይከፈት፣ የመጀመሪያው ኪራይ ሳይከፈል፣ ከሁለቱ ጋር ተቀምጦ ውል መጻፍ።

ልብ በሉ፣ ሦስቱን ለየብቻ አላነበብናቸውም። የራይዶ ፈረስና የፌሁ ዘመድ ተገናኝተው ነው እህትየዋን ያመጧት። ለማንበብ ስትቀመጡ መጀመሪያ የሦስቱን ስንኞች ሳትተረጉሙ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። ከዚያ በጉዳዩ ውስጥ ያሉትን ሰዎችና ዕቃዎች በስም ቁጠሩ። ከስንኞቹ ጋር የሚገጥመው የትኛው ነው? የሚገጥም ከጠፋ አትጨነቁ። «ዛሬ አልተነበበም» ብላችሁ ሰብስቡት። በግድ ከሚጠመዘዝ ንባብ ይህ ይሻላል።

ኢሳና ሐጋላዝ ሲወጡ ሰው ይደነግጣል። የእንግሊዙ ግጥም ሐጋላዝን ከእህል ሁሉ ነጭ ይለዋል፤ ከሰማይ ይወርዳል፣ ነፋስ ያላጋዋል፣ በኋላ ውኃ ይሆናል። ኢሳ እንደ ብርጭቆ የሚያበራ፣ ለዓይን የሚያምር፣ የሚያዳልጥ ወለል ነው። ከሁለቱ እኔን የሚያሰጋኝ ኢሳ ነው፤ ያምራልና።

ለሌላ ሰው ስትጥሉ ስለ ሕመም፣ ስለ እርግዝናና ስለ ሞት አትጣሉ። ሰው በሦስት እንጨት ተማምኖ ሐኪም ቤት እንዳይቀር። ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይም እንዲሁ።

ሲያልቅ ቀኑን፣ ጥያቄውን፣ ሦስቱን ሩኖችና የተረዳችሁትን በአንድ ደብተር ጻፉ። ከሥሩ አራት አምስት መስመር ባዶ ተዉ። ከወር በኋላ የሆነውን እዚያው ሙሉበት፤ የላይኛውን ጽሑፍ ሳታስተካክሉ።