የድሮ እንግሊዝና ጀርመን ወታደራዊ ሜዳልያ ሲሰበስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሜዳልያ የሚገዛ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ፊቱ ላይ ነው፤ የንጉሡ ምስል፣ ዓመቱ፣ የሪባኑ ቀለም። አስመስሎ የሚሠራውም ሰው በጣም የሚጠበበው እዚያው ላይ ነው። ጥርጣሬን የሚያጠራው ግን ጠርዙ፣ ጀርባውና መጋጠሚያው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጠርዙን ሳያነቡ መግዛት

እንግሊዞች ለአንደኛው የዓለም ጦርነት የሰጧቸው ዋና ዋና ሜዳልያዎች የተሸላሚው ስም ተመትቶባቸዋል። በብሪታንያ የጦርነት ሜዳልያና በድል ሜዳልያ ላይ ስሙ ያለው በጠርዙ ዙሪያ ሲሆን በ1914–15 ኮከብ (ኮከብ ቅርጽ ባለው ሜዳልያ) ላይ ደግሞ በለጥ ያለው ጀርባው ነው። መለያ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስምና የጦር ክፍል በተርታ ይነበባሉ። ዋጋውን የሚወስነው ይህ ጽሑፍ ስለሆነ፣ የተራውን ወታደር ስም በሞረድ ፍቀው የሚፈለግ ስም የሚመቱበት አሉ።

ይህን ለመያዝ ካሊፐር (ስፋት መለኪያ መሣሪያ) ይበቃል። የጦርነት ሜዳልያው ከብር የተሠራ ሲሆን ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር ነው። አቅጣጫ እየቀያየሩ ደጋግመው ይለኩት። ልኩ በአንድ በኩል ከጎደለ ወይም ጠርዙ በጣት ሲዳሰስ ወጣ ገባ ካለ፣ ብር ተፍቆለታል ማለት ነው። ከዚያ ፊደሎቹን በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። በማተሚያ የተመታ ፊደል ጥልቀቱ እኩል ነው፤ በእጅ የተቀረጸ ግን የመሣሪያው ጭረት ይታይበታል። ለዚህ ጦርነት ሜዳልያዎች ትክክለኛው የተመታው ነው።

ማዕረጉ ስላልገጠመ “ፎርጅድ ነው” ብሎ መተው

ይህ ብዙ ጥሩ ስብስብ ያስመለጠ ስህተት ነው። በኮከቡ ላይ ያለው ማዕረግ በአብዛኛው ሰውየው መጀመሪያ ጦር ሜዳ ሲገባ የነበረው ነው፤ በሁለቱ ሜዳልያዎች ላይ ያለው ደግሞ በኋላ የደረሰበት። ስለዚህ ኮከቡ ተራ ወታደር፣ ሜዳልያዎቹ ሳጅን ቢሉ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። መኮንን ከሆነ ደግሞ በሁለቱ ሜዳልያዎች ላይ የጦር ክፍሉ አይጻፍም፤ በኮከቡ ላይ ግን ይጻፋል።

ስሙን በለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሜዳልያ ካርዶች ያመሳክሩ። የግል ማኅደሩን ካጡት ግን አይፍረዱ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የተራ ወታደሮች ማኅደር በ1940 በቦምብ ቃጠሎ ጠፍቷል።

የጠርዝን ደንብ በሁሉም ላይ መጫን

ለመቅደላ ዘመቻ የተሰጠው የ1868ቱ የአቢሲኒያ ሜዳልያ የራሱ ሥርዓት አለው። ከሌሎቹ አነስ ይላል፤ ወደ 32 ሚሊ ሜትር ነው። ፊቱ ላይ ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ አለ፤ በጫፎቹ መካከል “አቢሲኒያ” የሚለው ስም ዘጠኝ የእንግሊዝኛ ፊደላት አንድ በአንድ ገብተዋል። የተሸላሚውን ስም ጠርዙ ላይ አይፈልጉ፤ ጀርባው መሃል፣ በቅጠል ጉንጉኑ ውስጥ ነው። ለእንግሊዝ ወታደሮች ስሙ ጎልቶ ወጥቶ ተሠርቷል፤ ይህም እያንዳንዱን ሜዳልያ ለብቻው መሥራት ጠይቋል። ለሕንድ ወታደሮች በተሰጡት ላይ ስሙ ባብዛኛው ወደ ውስጥ የተመታ ነው። የእንግሊዝ ወታደር የተባለ ሜዳልያ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ስሙ በቀጭን መስመር ከተቀረጸበት ይጠንቀቁ፤ የቀድሞው ስም ተፍቆ ሊሆን ይችላል።

ለታሪኩ መክፈል

ብሪታንያ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ኮከቦች ያለ ስም ነው የሰጠችው፤ ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ ግን ስም መትተውባቸዋል። በ1940 እና 1941 በኢትዮጵያና በኤርትራ ጣሊያንን የተዋጉ የእንግሊዝ ጦር አባላት የአፍሪካን ኮከብ አግኝተዋል። ስም የሌለውን ኮከብ “አዲስ አበባ የገባ መኮንን ነበር” እያለ የሚሸጥ ሰው ወረቀት ካላቀረበ፣ የሚከፍሉት የተራ ኮከብ ዋጋ ብቻ ይሁን። ሪባኑ ላይ የእንግሊዝ ስምንተኛ ጦር ማሰሪያ (ትንሽ የብረት ዘንግ) ካለ ደግሞ ማሰሪያው የሚመለከተው ከኦክቶበር 23 ቀን 1942 ጀምሮ ያለውን የሰሜን አፍሪካ ውጊያ ነው እንጂ የኢትዮጵያን አይደለም።

በጀርመን የብረት መስቀል ላይ ያለውን ዓመት በስህተት ማንበብ

የ1914ቱም ሆነ የ1939ኙ ሁለተኛ ደረጃ መስቀል ጀርባው ላይ 1813 ይላል። ያ መስቀሉ መጀመሪያ የተቋቋመበት ዓመት ነው፤ የናፖሊዮን ዘመን ዕቃ አያደርገውም። የሚለየው በፊቱ ነው፦ ዘውድና 1914፣ ወይም ስዋስቲካና 1939። በ1939ኙ ላይ በስዋስቲካው ቦታ የኦክ ዛፍ ቅጠል ካዩ፣ በ1957 በወጣው የጀርመን ሕግ መሠረት የተሠራ ነው። ሕጋዊ ነው፤ ነገር ግን በጦርነቱ ዘመን ዕቃ ዋጋ አይገዛም።

ማግኔት ብቻውን አያድንም። ትክክለኛው መስቀል በተለምዶ ሦስት ክፍል አለው፦ መሃሉ ጥቁር የተቀባ ብረት፣ ዙሪያውን ያቀፉት ሁለት የክፈፍ ግማሾች። ማግኔት መሃሉን ይስባል፤ ግን ከናስ የተሠራ መሃል ያላቸው ትክክለኛ መስቀሎች አሉ፣ አስመሳዮችም ብረት ይጠቀማሉ። ስለዚህ ክፈፉን ከጎን ይዩ። ሁለቱ ግማሾች የተበየዱበት ቀጭን መስመር መኖር አለበት። መስመሩ ጨርሶ ከሌለና መሃሉና ክፈፉ አንድ ወጥ ሆነው ከፈሰሱ፣ በቅርጽ የፈሰሰ ቅጂ ነው። በቀለበቱ ላይ የሠሪ ምልክት መኖር ጥሩ ነው፤ አለመኖሩ ግን ብቻውን ሐሰት አያሰኘውም። ጀርመኖች በእነዚህ መስቀሎች ላይ ስም አይመቱም ነበር፤ ባለቤቱን የሚያሳውቀው የሽልማት ወረቀቱ ነው።

“1914–1918” የሚለውን የሂንደንቡርግ መስቀልም በጦርነቱ የተሰጠ አድርገው የሚሸጡ አሉ። የተቋቋመው በ1934 ነው፤ ሰይፍ ያለበት ለተዋጊ፣ የሌለበት ላልተዋጋ፣ ጥቁሩ ለሟች ቤተሰብ።

መወልወልና በተሳሳተ ነገር ማስቀመጥ

መወልወያ ከብሩ ላይ የምስሉን ጥራት ይወስዳል፤ የተወሰደውም አይመለስም። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያራግፉ። ፒቪሲ ፕላስቲክ ኪስ ከጊዜ በኋላ ብረቱን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ከአሲድ ነፃ የሆነ ወረቀት ይሻላል። ሪባኑን በአልትራቫዮሌት መብራት ሲያዩት ነጭ ሆኖ ቢያበራ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ አሮጌ ሪባንም በዘመናዊ ሳሙና ከታጠበ ያበራል። ሪባን በቀላሉ የሚቀየር ስለሆነ ለብቻው ማስረጃ አይደለም።