ፊሌቶ አወጣጥን በስልክ ማስተማር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባህር ዳር ወጥ ቤቶችና በጣና ዳር አሳ ማራገፊያዎች ለሚሠሩ ሰዎች ፊሌቶ (ከአጥንቱ የተለየ የአሳ ሥጋ) አወጣጥን በቴሌግራም ለማስተማር ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ስልክ፣ ማቆሚያ፣ እጁ የሠለጠነ ባለሙያና ጥቂት ቆሮሶ (የጣና አሳ ዓይነት ነው) ይበቃሉ። ጣጣው የሚጀምረው ሠልጣኙ ቪዲዮውን ጨርሶ ቢላ ሲያነሳ ነው፤ ያየውና እጁ የሚሠራው አይገናኙም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሠልጣኙ ሳይሆን የአዘጋጁ ነው።

ከመግቢያ መጀመር

«የአሳ ጥቅም ለጤና» የሚለው የመጀመሪያ ክፍል ይቅር። አሳ ሲገፍ የሚውል ሰው ይህን ለመስማት ዳታ አያወጣም።

የሥልጠናው መነሻ አጽሙ ነው። ጀማሪዎች ፊሌቶ ካወጡባቸው አሳዎች አሥር አጽም ሰብስቡና ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ሥጋው የቀረበት ቦታ ስህተቱን ራሱ ይናገራል። ከጭንቅላቱ ኋላ፣ ማጅራቱ ላይ ወፍራም ሥጋ ከቀረ የመጀመሪያው ቁርጥ ከስንጥቡ ርቆ ገብቷል ማለት ነው፤ ቢላው ከደረት ክንፉ ኋላ ሆኖ ወደ ጭንቅላቱ ማዘንበል ነበረበት። በአከርካሪው ርዝመት እንደ ገመድ የወጣ ሥጋ ካለ ስለቱ ከአጥንቱ ላይ ተነስቷል። የጎን አጥንቶቹ ተቆርጠው ከፊሌቶው ጋር ከሄዱ እጁ ተጭኗል። ሆድ ዕቃው ተወግቶ ሥጋው አረንጓዴ ከነካው ጫፉ ከሚገባው በላይ ጠልቋል፤ ሐሞት የነካው ፊሌቶ ደግሞ ቢታጠብም ምሬቱ አይለቅም። ጅራቱ አካባቢ ተቦጫጭቆ ከተገኘ መጀመሪያ ቢላውን ጠርጥሩ፦ አልተሳለም።

ለእያንዳንዱ ጥፋት አንድ አጭር ቪዲዮ ሥሩ። ሥርዓተ ትምህርቱ በዚህ አለቀ ማለት ይቻላል።

ከፊት ለፊት መቅረጽ

ካሜራው ከባለሙያው ፊት ሲቆም ቀኝና ግራ ይገለበጣሉ። ተመልካቹ የአሳውን ጭንቅላት በየትኛው በኩል እንደሚያደርግ እያሰበ ቢላ መያዝ የለበትም። ስልኩን ከባለሙያው ትከሻ በላይ አድርጋችሁ ወደ ታች አዘንብሉት፤ የሚታየው ሠልጣኙ በራሱ ዓይን የሚያየው ይሁን። ቆዳ መግፈፉን ግን ለብቻው ከጎን፣ በመክተፊያው ቁመት ቅረጹ። እዚያ ቁም ነገሩ የስለቱ ዘንበል ማለት ነው፤ ከላይ ሲታይ አይገባም። ቢላው ወደ ቆዳው ዝቅ ብሎ ተኝቶ በቦታው ይቆያል፣ የሚጎተተው ከጅራቱ በኩል የተያዘው ቆዳ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው ግልባጩን ነው።

ለግራኝ ሠልጣኝ ሌላ ቀረጻ አያስፈልግም። ያንኑ ቪዲዮ ገልብጦ ማስቀመጥ በቂ ነው።

ሙዚቃ መጨመር

ጫፉ የጎን አጥንቶቹን እየዳሰሰ ሲሄድ ቀጭ ቀጭ ይላል። ያ ድምፅ ቢላው በትክክለኛው መስመር ላይ እንዳለ የሚነግር ዋና ምልክት ነው፤ እጅ የሚሰማውን ቪዲዮ ሊያሳይ ባይችልም ለጆሮ ሊያሰማው ይችላል። ክራር ቢያምርም እዚህ ቦታው አይደለም።

በቆሮሶ ብቻ አስተምሮ መጨረስ

ጣና የሚሰጠው ቆሮሶ ብቻ አይደለም። ነጭ አሳ በሥጋው መካከል እንደ መንታ ሹካ የተከፈሉ ቀጫጭን አጥንቶች አሉት፤ በቆሮሶ መንገድ የወጣ የነጭ አሳ ፊሌቶ ላዩ ንጹሕ መስሎ ጉሮሮ ይወጋል። መፍትሔው ቆዳውን ሳይበጥሱ በየጥቂት ሚሊሜትሩ ሥጋውን መተልተልና በደንብ መጥበስ፣ ወይም ከነአካቴው ፊሌቶ ብሎ አለመሸጥ ነው። አምባዛ ደግሞ ቅርፊት የለውም፣ ቆዳው ያንሸራትታል፣ በደረቱ ክንፎች ላይም ጠንካራ እሾህ አለው። በጨርቅ መያዝንና ቆዳውን በፒንሳ መሳብን ካላሳያችሁ ሰው ይጎዳል።

እጁ እርጥብ መሆኑን መርሳት

ሠልጣኙ እጁ በአሳ ዝልግልግ ተለውስጦ ስልክ ሊነካ አይችልም። ስለዚህ ቪዲዮው ራሱ ይጠብቀው፦ አንድ ቁርጥ፣ ከዚያ አሥር ሰከንድ ዝምታ፣ ከዚያ ቀጣዩ። ስልኩን ግልጽ ፌስታል ውስጥ ከትቶ ግድግዳ ላይ ማስደገፍንም በመጀመሪያው መልእክት ንገሩት። ርዝመቱ ከሦስት ደቂቃ አይለፍ፤ በ480 ፒ ከተጨመቀ 15 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። ስልኩ እንደቀረጸው በሙሉ ጥራት ከላካችሁት ግን ብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ፓኬጁ ያለቀበት ሰውም አይከፍተውም። ቤት ሆኖ አውርዶ፣ ሥራ ቦታ ያለ ኔትወርክ እንዲያየው አድርጉ።

በምርጫ ጥያቄ መፈተን

«ቢላው በስንት ዲግሪ ይያዛል?» ብሎ ሀ፣ ለ፣ ሐ መስጠት የሚለካው ማስታወስን ነው። ሠልጣኙ ሁለት ፎቶ ይላክ፦ አጽሙን በመስኮት ብርሃን ፊት አንጠልጥሎ፣ ፊሌቶውን ደግሞ ሚዛን ላይ አድርጎ። አጥንቶቹ መካከል ብርሃን ካለፈ ጥሩ ሠርቷል። 500 ግራም የሚመዝን ቆሮሶ ከሁለቱም ወገን ቆዳው ተገፎ ከ150 እስከ 175 ግራም ቢሰጥ ደህና ነው፤ 120 ላይ ከቆመ አጽሙን ዳግም ማየት ነው። መልሱ በዚያው ቀን ይድረሰው። ከሦስት ቀን በኋላ የሚመጣ እርማት ለሌላ አሳ የተሰጠ ያህል ነው።

የውጭ መመሪያ እንዳለ መገልበጥ

ስለ ማቀዝቀዣ በሚያወራው ክፍል ብዙ ጊዜ «ቴርሞሜትሩ በፈላ ውሃ 100 ማሳየት አለበት» የሚል ይገኛል። ባህር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። መመሪያውን አምኖ የተከተለ ሠልጣኝ ደህናውን ቴርሞሜትር ይጥላል። በተከሰከሰ በረዶና በጥቂት ውሃ ይፈትሹት፣ 0 ካሳየ ልክ ነው።

ልምምዱን በአንድ ቀን መጨረስ

በአንድ ከሰዓት 15 አሳ ከማስገፈፍ በሦስት ቀን አምስት አምስት ይሻላል፤ በመሃል የሚያልፈው ሌሊት እጅን ያሠለጥናል። በመጀመሪያው ቀን ቢላ የሚያውቅ ሰው አጠገብ ይቁም፣ አሳውን የሚይዘው እጅ መከላከያ ጓንት ይልበስ፤ ይህን በስልክ መተካት አይቻልም። ጊዜውንም ምረጡ። በዐቢይ ጾም የአሳ ፈላጊ ስለሚበዛ ወጥ ቤቱ ለጀማሪ የሚተርፍ አሳም ትዕግሥትም የለውም፤ ከጾሙ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ መጀመር ነው። አሠሪው «አሳዬ ሊበላሽ ነው» ካለ የተቦጫጨቀው ፊሌቶ ለጉላሽ፣ አጽሙና ጭንቅላቱ ለሾርባ እንደሚሆን አስረዱት።