ጥቁሩ ሽቦ ፖዘቲቭ የሆነበት ሳጥን

አንድ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ሁለት የቤዝ ሳጥኖችን ጎን ለጎን አቆምኩ። ሙዚቃው ሲጀመር ቤዙ የለም። ተጫዋቹ ድምፁን ጨመረ፤ ማጉያው ጋለ፤ ቤዙ ግን እንደጠፋ ቀረ። ግራ ሲገባኝ አንደኛውን ሳጥን ነቀልኩት፤ ይኼኔ ቤዙ ድንኳኑን ሞላው። አንድ ሳጥን ከሁለት ሲበልጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በዋዜማው የአንዱን ሳጥን ጃክ (ገመዱ የሚሰካበትን ቀዳዳ) ስቀይር ሽቦዎቹን አገላብጬ በይጄአቸዋለሁ። አንዱ ስፒከር አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ እየሳበ፣ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ተጣፋ።

የተሳሳትኩት ቀለም አምኜ ነው። ቀይ ፖዘቲቭ፣ ጥቁር ኔጌቲቭ ብዬ በየድኩ፤ ከእኔ በፊት ሳጥኑን የከፈተው ሰው ግን እንደዚያ አላሰበም። ከዚያ ወዲህ ጃክ ስቀይር መጀመሪያ የማነሣው ቴስተር ነው፤ ሁለቱ ዘንጎቹ ሲገናኙ የሚጮኸው የኤሌክትሪክ መለኪያ።

የ6.35 ሚሊሜትር ጃክ ሕጉ አጭር ነው፦ የወንዱ ፒን ጫፍ ፖዘቲቭ፣ ግንዱ ኔጌቲቭ። የሚያሳስተው ከሴቷ ጃክ ጀርባ ያሉት የብየዳ እግሮች ናቸው። ሦስት እግር ካላት ስቴሪዮ ልትሆን ትችላለች፤ አንደኛው እግር በስቴሪዮ ፒን ጫፍና ግንድ መካከል ላለው ቀለበት የተሠራ ነው። ቀለበት የሌለው ሞኖ ፒን ሲገባ ይህ እግር የሚያርፈው ግንዱ ላይ ስለሆነ፣ ፖዘቲቩን እዚያ የበየደ ሰው ሁለቱንም የስፒከር ሽቦዎች ግንዱ ላይ ያሳርፋቸዋል፤ ድምፅም አይወጣም። ፒን ሲገባ ግንኙነቱን የሚያቋርጥ እግር ያላትም አለች፤ እዚያ ከበየዳችሁም ገመዱ በተሰካ ቁጥር ድምፁ ይጠፋል። ስለዚህ በዓይን አትገምቱ። ከመበየዳችሁ በፊት ገመዱን ጃኩ ውስጥ ሰኩት፤ አንዱን የቴስተር ዘንግ በገመዱ ሌላ ጫፍ ካለው ፒን ጫፍ ላይ አኑሩ፤ በሌላኛው እግሮቹን አንድ በአንድ ንኩ። የጮኸው እግር የፖዘቲቭ ነው። ለግንዱም እንዲሁ።

ለሳጥኑ ውስጥ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሁለት ሽቦ ይበቃል። የጊታር ገመድ ቆርጠው የሚያስገቡ አሉ፤ ቀጭን ነው፣ ለዚህ ሥራ አልተሠራም። ስትበይዱ መጀመሪያ እግሩን አሙቁት፤ እርሳሱ የሚቀልጠው በእግሩና በሽቦው ሙቀት ይሁን። ጃኩ የሚታሰረው በብረት ሳህን ላይ ከሆነ የፖዘቲቩ እግር ሳህኑን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ጃኩ ሲታሰር የምትገባውን ባለ ጥርስ ቀለበት አትጣሏት፤ ቤዝ የማይፈታው ብሎን የለም።

ከዚያ ማጉያውን ሳታገናኙ በገመዱ በኩል ለኩ። ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር 6 ኦም ገደማ ያሳያል፤ ያ ጤና ነው። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሽቦ ተነካክቷል፤ ምንም ካላሳየ አንድ ቦታ ተቋርጧል። ቀጥሎ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ አምጡ። ፖዘቲቩን በፒኑ ጫፍ፣ ኔጌቲቩን በግንዱ ለቅጽበት ብቻ ንኩ። የትልቁ ስፒከር ወረቀት ወደ ውጭ ከወጣ ሥራው ትክክል ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ሁለቱን ሽቦዎች አለዋውጧቸው። እኔ በዚያ ሠርግ ዋዜማ ያልሠራሁት ይህንን ነው፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሳጥኑ ሁለት ጃክ ካለው ሁለተኛውን በተመሳሳይ መንገድ አያይዙት። ነገር ግን ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥኖች በዚህ መንገድ ሲቀጣጠሉ 4 ኦም ስለሚሆኑ፣ ማጉያው ያንን መቻሉን ከጀርባው ካለው ጽሑፍ አረጋግጡ። በርቶ ሳለም ፒን አትሰኩ፤ አትንቀሉም።

ከመክደኔ በፊት ቀኑንና የሽቦዎቹን ቀለም ከውስጥ በኩል እንጨቱ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። በቅርቡ አንድ ያረጀ ሳጥን ስከፍት የራሴን የእጅ ጽሑፍ አገኘሁ፦ «ጥቁሩ ፖዘቲቭ ነው» ይላል። ቢሆንም የባትሪ ድንጋዬን አውጥቼ ፈተንኩት።