ሰባት ሰው የምትጭነው የናፍጣ መኪና ዳገት ላይ ስትደክም

አንድ የጥምቀት ዋዜማ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር እየሄድን ነበር። ሰባት ነን። እናቴ ከፊት፣ ባለቤቴና እህቴ ከትንሹ ልጅ ጋር መሀል፣ ሁለቱ ልጆች ከኋላ። ጣሪያው ላይ ሻንጣ አለ። የፎገራን ሜዳ በሰላም ጨረስን። አዲስ ዘመንን አልፈን ዳገቱን እንደጀመርን መኪናዋ በአንድ ጊዜ ደከመች። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ ምንም የለም። በደቂቃ ከ3000 ዙር በላይ አልወጣም አለች። ቢጫዋ የሞተር መብራት በራች። እናቴ ዳዊቷን አወጣች። በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ወጣን።

ስንመለስ ጋራዥ ወሰድኳት። «ተርቦው ሞቷል፣ መቀየር አለበት» አሉኝ። ተርቦ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ ነው። የጠሩልኝ ዋጋ እንቅልፍ ነሳኝ። ሰው ጠቁሞኝ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ተርቦ ነው ብለውኛል» አልኳቸው።

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ አየሩን እንይ» አሉኝ።

ከትንሽ ጣት የቀጠነች የጎማ ቱቦ ተሰንጥቃ አገኟት። ቆርጠው በአዲስ ተኩልኝ። በቃ፣ መኪናዋ ነፍስ ዘራች። ተርቦው እስከ ዛሬ ያው ነው።

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው በከንቱ ተርቦና የናፍጣ ፖምፓ እንዳይገዛ ነው። እነዚህ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚታመሙት በአየር፣ በነዳጅ ንጽሕናና በአነዳዳችን ነው። ውዱን ዕቃ ከመንካታችሁ በፊት ርካሹን እዩ።

የማወራው እንደ ፎልክስዋገን ቱራን፣ ኦፔል ዛፊራ፣ ሬኖ ግራንድ ሴኒክና ቶዮታ ኮሮላ ቨርሶ ስላሉት ነው። ርዝመታቸው ከአራት ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም፣ ግን ሦስት ረድፍ ወንበር አላቸው። ሞተራቸው ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ቱራን ባለ 1.9 ሊትሩ 1896 ሲሲ ሲሆን 105 የፈረስ ጉልበት አለው። ሁለተኛው ዛፊራ ባለ 1.9 ሊትሩ ደግሞ 1910 ሲሲ ነው፣ 120 ወይም 150 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ይህን ሁሉ ሰው ተሸክሞ ዳገት የሚወጣው በተርቦ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ተርቦው ጉድለቱን ይሞላል። ስለዚህ ሜዳ ላይ የማትታወቅ ትንሽ የአየር ማምለጫ፣ ዳገት ላይ ከሙሉ ጭነት ጋር ትጋለጣለች።

ዳገት ላይ ይደክማል፣ ከ3000 ዙር አያልፍም

በመጀመሪያ ቦታ ይዛችሁ ቁሙ። ሞተሩን አጥፉና ትንሽ ቆይታችሁ አስነሱት። ጉልበቱ ከተመለሰና ቀጣዩ ዳገት ላይ እንደገና ከጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለመጠበቅ ጉልበት ቀንሷል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የተርቦው ግፊት ከሚጠብቀው አንሷል ወይም በልጧል። ተርቦው ሞቷል ማለት ግን አይደለም።

ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። የአየር ማጣሪያውን አውጡና እዩት። የኮብልና የጠጠር መንገድ ላይ ከባጃጅ ኋላ የሚውል መኪና ማጣሪያው መጽሐፉ ከሚለው ኪሎ ሜትር ቀድሞ ይደፈናል። እኔ በየ5000 ኪሎ ሜትሩ አየዋለሁ።

ቀጥሎ ከተርቦው ወደ ኢንተርኩለሩ (የተርቦውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው)፣ ከዚያም ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ወፋፍራም የጎማ ቱቦዎች በእጃችሁ ዳብሱ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን። መጋጠሚያው ላይ እርጥብ ዘይት ካለ አየር በዚያ እያመለጠ ሊሆን ይችላል። ነዳጅ ሲረገጥ ፉጨት ወይም «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ካለና ከኋላ ጥቁር ጭስ ከወጣ፣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። አንዳንዴ ክላምፑን ማጥበቅ ብቻ ይበቃል።

የእኔን መኪና ያደከመቻት ግን ቀጭኗ ቱቦ ናት። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን መኪኖች ተርቦውን የሚቆጣጠረው የአየር መሳብ ኃይል ነው። ጎኑ ላይ ትንሽ ቆርቆሮ አለች፣ ከእርሷ ዘንግ ይወጣል። አንድ ሰው ሞተሩን ያስነሳ፣ እናንተ ዘንጉን ተመልከቱ። ሞተሩ ሲነሳ ዘንጉ መሳብ፣ ሲጠፋ መመለስ አለበት። ካልተንቀሳቀሰ ቀጭኗን ቱቦ ንቀሉና ሞተሩ በርቶ ጫፏን በጣታችሁ ድፈኑ። ጣታችሁን ካልሳበች ቱቦዋ ተሰንጥቃለች ወይም መቆጣጠሪያዋ ቫልቭ ሠርታ ጨርሳለች። ሁለቱም ከተርቦ ዋጋ ጋር አይወዳደሩም። ዘንጉ እየተሳበ ከመሀል ላይ የሚይዝ ከሆነ የተርቦው ክንፎች በጥላሸት ተጣብቀዋል። እሱም ተፈትቶ ይጸዳል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ኢጂአሩን አስፈትሹ። የተቃጠለ ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልስ ቫልቭ ነው። ጥላሸትና ዘይት ተቀላቅሎ እንደ ሬንጅ ይደፍነዋል። ክፍት ሆኖ ከቀረ ሞተሩ የራሱን ጭስ ይተነፍሳል፣ ጉልበትም ያጣል።

ተርቦው በእርግጥ ተበላሽቷል የሚባለው መቼ ነው? ሞተሩ ጠፍቶ የአየር መግቢያውን ቱቦ ንቀሉና ውስጥ ያለውን የተርቦውን የክንፍ ዘንግ በጣታችሁ ነቅንቁ። ትንሽ መወዛወዝ ያለ ነው። ክንፉ ግድግዳውን ከነካ ወይም ሰማያዊ ጭስ ካለ፣ ያኔ ጋራዡ ትክክል ነው። ተርቦ በደቂቃ ከ150 ሺህ ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል፣ የሚያድነው ዘይት ብቻ ነው። ዳገት ጨርሳችሁ ስትቆሙ ከማጥፋታችሁ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ አስተንፍሱት።

ጠዋት አልነሳም ይላል

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በብልጭታ አይለኩስም። አየሩን ጨምቆ ያግለዋል፣ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሞተሪኖው (ማስነሻው) በበቂ ፍጥነት ማዞር አለበት። መጀመሪያ ባትሪውን ለኩ። ሲነሳ ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ሌላውን አትንኩ፣ ባትሪውንና ገመዶቹን ያዙ።

በደንብ እየዞረ ነጭ ጭስ እያወጣ አልነሳም ካለ ካንዴላዎቹን ጠርጥሩ። የናፍጣ ካንዴላ ብልጭታ አይሰጥም፣ ሞተሩ ሲነሳ ውስጡን የሚያሞቅ ነው። ባሕር ዳር ሌሊቱ ብዙም ስለማይበርድ ሁለት ካንዴላ ተቃጥሎ እንኳ ሞተሩ ይነሳል። ደብረ ታቦር አድራችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስታስነሱት ነው ጉዱ የሚወጣው። መፈተሹ ቀላል ነው። ገመዱን ንቀሉና በመለኪያ ኦሙን እዩ። ጤነኛው ከሁለት ኦም በታች ይሆናል። ምንም ካላሳየ ተቃጥሏል። ሲፈታ ግን ሞተሩ ሞቅ ብሎ፣ በትዕግሥት ይሁን። ውስጥ ከተሰበረ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) እስከማውረድ ያደርሳል።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። በናፍጣ እጥረት ጊዜ ብዙዎቻችን በጀሪካን ገዝተናል። አልፈርድም፣ እኔም ገዝቻለሁ። ጀሪካኑ ክረምት ላይ ክዳኑ ሳይገጥም ደጅ ካደረ ግን ውሃ ይገባዋል። እንዲህ ፈትሹ። ናፍጣውን በንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ ቅዱና አንድ ሰዓት አስቀምጡት። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይዘቅጣል፣ መስመሩ በዓይን ይታያል። ከታየ ወደ መኪናው አትጨምሩት። ገብቶ ከሆነ ደግሞ በነዳጅ ማጣሪያው ሥር ያለችውን ብሎን ላላ አድርጉና ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስሱ፣ ማጣሪያውንም ቀይሩ። በሰልባትዮው ውስጥ ብዙ ካለ እሱም ተፈትቶ ይራገፍ። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኢንጀክተር ውስጥ ያሉት ክፍተቶች ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠኑ ናቸው። ናፍጣው ራሱ ነው የሚያለሰልሳቸው፣ ውሃ ያንን አይሠራም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከልቤ። ሞተሩ በርቶ የኢንጀክተር ቧንቧ በጭራሽ አታላሉ። የድሮው ናፍጣ ላይ ይሠራ ነበር። አዲሶቹ ላይ ግፊቱ ከ1300 ባር ያልፋል። የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ይመስላል፣ እጅ ግን ያስቆርጣል።

ካንዴላውም ነዳጁም ደህና ሆኖ ሞተሩ ረጅም ጊዜ ዞሮ የሚነሳ ከሆነ የኢንጀክተሮቹን መልስ አስለኩ። በኮመን ሬል ሞተር (ኢንጀክተሮቹ ሁሉ ከአንድ የጋራ ቧንቧ ናፍጣ በሚያገኙበት) ላይ ከየኢንጀክተሩ የምትመለሰውን ናፍጣ አንድ ዓይነት መጠን ባላቸው አራት ትንንሽ ጠርሙሶች ይቀበሉላችኋል። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ቀድሞ ከሞላ፣ የተበላው እሱ ነው። አራቱንም መቀየር አያስፈልግም።

የጭሱ ቀለም

ጥቁር ከሆነ አየር አንሷል ወይም ናፍጣ በዝቷል። ጠዋት ብቻ ነጭ ሆኖ ከጠፋ ካንዴላ ነው። ነጩ ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋና ውሃው እየቀነሰ ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ በራሱ እየጮኸ ዙሩ ከጨመረና ቁልፍ ስታጠፉ አልጠፋ ካለ፣ የራሱን ዘይት እያነደደ ነው። ፍሬን ይዛችሁ አምስተኛ ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን በአንዴ ልቀቁ። አንቆ ያጠፋዋል።

የጭስ ማጣሪያው መብራት በራ

ዲፒኤፍ ያለው መኪና ጥላሸቱን አጠራቅሞ በ600 ዲግሪ ገደማ ያቃጥለዋል። ለዚህ ረዘም ያለ፣ ፈጠን ያለ ጉዞ ይፈልጋል። ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ገበያ ብቻ የሚሄድ መኪና አንድም ቀን አይጨርስም። ሞተሩን ስታጠፉ ቬንትሌተሩ እየጮኸ ከቀረ፣ ማቃጠሉን መሀል ላይ አቋርጣችሁታል። በብዙ መኪኖች ላይ ያልነደደው ናፍጣ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። ስለዚህ የዘይቱ መጠን ከፍ ካለ ደስ አይበላችሁ፣ ቀይሩት።

መብራቱ ገና ከሆነ መፍትሄው መንገድ ነው። በሐሙሲት በኩል ወደ ወረታ ውጡ። ሜዳ ነው። በ70 ገደማ፣ በአራተኛ ማርሽ፣ ሃያ ደቂቃ ሳትቆሙ ንዱ። አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ወይም የሞተሩም ከበራ ግን በስካነር እንጂ በመንዳት አይሆንም።

ይሞቃል

ባሕር ዳር ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩ ደግሞ በ90 ዙሪያ ነው የሚሠራው። የሚያድነው የራዲያተሩ ወይም የውሃ ማጠራቀሚያው ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ የተበላ ክዳን ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚያመጣው ጣጣ ግን ቴስታታ ነው። መጀመሪያ እሱን ቀይሩ፣ ሞተሩ ትኩስ ሳለ ግን አትክፈቱት። ከዚያ የራዲያተሩን ፊት እዩ። በአጨዳ ወቅት የፎገራ የሩዝ ገለባ፣ በምሽት ደግሞ ከሐይቁ የሚነሳው ትንኝ ይሸፍነዋል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በለስላሳ ውሃ እጠቡት፣ በኃይለኛ ግፊት ከሆነ ክንፎቹ ይጣመማሉ።

ሲጠፋ ይንኳኳል፣ ኋላው ይወርዳል

ሲጠፋ «ቋ» ካለና ፍሪሲዮን ሲረገጥ ድምፁ ከተለወጠ ድርብ ቮላኖው ነው፣ ፍሪሲዮኑ የሚገጥምበት ከባድ ክብ ብረት። ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ መያዝ ይገድለዋል፣ የእጅ ፍሬን ተጠቀሙ። ኋላው ሲወርድ ደግሞ ሞላ ከመግዛታችሁ በፊት የሾፌሩ በር አካባቢ ወይም የነዳጅ መሙያው መክደኛ ውስጥ ያለውን ተለጣፊ አንብቡ። ለሙሉ ጭነት የተጻፈው የጎማ ግፊት ከባዶው ይለያል። ሰባት ሰው ሳትጭኑ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ የኋላዎቹን በዚያ ልክ ሙሉና ከዚያ እዩት።