«ታጥቧል እኮ!»፦ ነርቭ ስለሚጎዱ ኬሚካሎች የምንሳሳተው

አንድ ዘመዴ ከገጠር የኑግ ዘይት ላከልኝ። ጀሪካኑን ሳገላብጠው የተላጠ ወረቀት አየሁ፤ የራስ ቅል ሥዕሉ ግማሹ ቀርቷል። የፀረ ተባይ ዕቃ ነበር። ደወልኩለት። «ኧረ ጠጠር ከትቼ፣ በኦሞ ሦስቴ አንቀጫቅጬ ታጥቧል!» አለኝ። ዘይቱን ደፋሁት፤ እሱም አኮረፈ።

የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ላይ ነው። መርዙን እንደ ጀርም እናየዋለን። ጀርም ይታጠባል፣ ሲፈላ ይሞታል። ፕላስቲክ ውስጥ የሰረገ መርዝ ግን በሳሙና ሙልጭ ብሎ አይወጣም። እንደ ዲዲቲ (የትንኝ መርዝ) እና ፒሲቢ (ድሮ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ይገባ የነበረ ኬሚካል) ያሉት ደግሞ ለዓመታት አይበሰብሱም፤ ውሃ አያሟሟቸውም፤ ስብ ይወዳሉ። ዘይት ስንጨምርበት እኮ ራሳችን እየጠራናቸው ነው! አንጎላችንም ውሃው ቢወጣለት ከግማሽ በላዩ ስብ ነው። ጫትን ለቅለቅ አድርጎ መቃምም ያው ነው። ዲዲቲ ለወባ ትንኝ ተብሎ የመጣ ቢሆንም፣ አገራችን ውስጥ ተመርምሮ ጫት ቅጠል ላይ ተገኝቷል።

«ትንኝን እንጂ ሰውን አይነካም» የሚልም አለ። የነርቭ ሕዋስ መልእክት የሚያስተላልፈው በኤሌክትሪክ ነው። ሶዲየም የሚገባበት ትንሽ በር አለው፤ ለቅጽበት ይከፈትና ይዘጋል። ዲዲቲ ያንን በር እንዳይዘጋ ይይዘዋል። ነርቩ እረፍት ያጣል፣ ደጋግሞ ይተኩሳል። ትንኟ ተንቀጥቅጣ የምትሞተው ለዚህ ነው። በሩ እኛም ጋ አለ። ብዙ መጠን የገባበት ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ይጥለዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን «ስንት ዓመት ስሠራበት ምንም አልሆንኩም» የሚለው ነው። ብየዳ ቤት አካባቢ አንድ ልጅ የአሮጌ ትራንስፎርመር ዘይት በባዶ እጁ እየዘፈቀ፣ ምስጥ እንዳይበላው ብሎ ግንድ ሲቀባ አይቻለሁ። እስከ ክርኑ ያብረቀርቃል። ትራንስፎርመር ሁሉ ፒሲቢ የለበትም፤ የድሮዎቹ ግን ሊኖርባቸው ይችላል፤ በማየትም ሆነ በማሽተት አይለይም። በቆዳ በኩልም ይገባል። ፒሲቢ እንደ ዲዲቲ አያንቀጠቅጥም፤ ሥራው ስውር ነው። የነርቭ ሕዋሱ ለመልእክት ሥራው የቆጠበውን ካልሲየም ያለጊዜው ያስለቅቃል። የታይሮይድ ሆርሞንንም ያዛባል። ፅንስ አንጎሉን የሚገነባው ደግሞ በዚሁ ሆርሞን እየተመራ ነው። ስለዚህ ልጁ «ምንም አልሆንኩም» ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ዕዳው ወደ ሌላ ሰው ሊተላለፍ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ጃፓን ውስጥ ፒሲቢ ከማሞቂያ ቱቦ አፈትልኮ የሩዝ ዘይት ውስጥ ገባ። የበሉት ሰዎች ቆዳቸው ቆሰለ፤ እጅ እግራቸው የደነዘዘም ነበሩ። በ1979 ታይዋን ላይ ተመሳሳይ አደጋ ደረሰ። እዚያ ያሉ እናቶች ዘይቱን መብላት ካቆሙ ከዓመታት በኋላ የወለዷቸው ልጆች እንኳ አእምሯቸው ዘግይቶ ሲያድግ ታየ። ሰውነት ፒሲቢን ቶሎ አይለቅም፤ እናት ከስቧ ለልጇ ታካፍላለች።

ይህን የሰማች እናት «እንግዲያውስ ጡት አላጠባም» ልትል ትችላለች። ተው! ፒሲቢ ወተቱ ውስጥ ይገኛል፣ እውነት ነው። ሆኖም አሜሪካ ውስጥ ፒሲቢ ያለበትን የሚቺጋን ሐይቅ ዓሣ ይበሉ የነበሩ እናቶች ልጆች እስከ 11 ዓመታቸው ክትትል ሲደረግባቸው፣ የታየው የማስታወስና የትኩረት ጉድለት የተያያዘው ማህፀን ውስጥ ካገኛቸው ፒሲቢ ጋር ነው፤ ከጡቱ ጋር አልነበረም። ጡት ይጥባ።

ኩርፊያው በሳምንቱ በረደና ዘመዴ ደወለ። «እሺ፣ ጀሪካኑን ላቃጥለው?» አለኝ። ይኸውልህ ሌላው ስህተት። የጃፓኑ ዘይት ያን ያህል የከፋው ፒሲቢው ሙቀት ላይ ቆይቶ ፉራን የሚባል የባሰ መርዝ ስለወጣው ነው። ግቢ ውስጥ የሚነድ የኬሚካል ዕቃም ጭሱ እንዲህ ያለውን ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ የሚያርፈውም ሣሩ ላይ፣ ከዚያ ላሟ ላይ ነው። በምስማር ብሳው፣ ማንም ዳግም እንዳይጠቀምበት፤ ከልጆች አርቀህ አስቀምጠውና የግብርና ባለሙያውን ጠይቅ አልኩት።

«ይሄንስ እሺ» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ «ሁለተኛውን ግን ለጎረቤት ሰጥቼዋለሁ፤ ጠላ ጠምቀውበታል።»