ዘይት ሲቀንስ ብሎኑን አታጥብቁ፦ የትንሽ ኑግ መጭመቂያ ችግር እንዴት ይለያል?

ባሕር ዳር ላይ በግቢያቸው ኑግ የሚጨምቁ ሰዎች ዘይቱ ሲቀንስባቸው እጃቸው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፋጉሎ (ዘይቱ ወጥቶለት የሚቀረው የኑግ ጭማቂ) መውጫው ማጥበቂያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ወይ ኑጉ ከልክ በላይ ደርቋል ወይም ረጥቧል፣ ወይ ማሽኑ ሳይሞቅ ሥራ ጀምሯል፣ ወይ ስክሩ (ኑጉን እየገፋ የሚጨምቀው ጠመዝማዛ ብረት) ተበልቷል። ማጥበቅ ከእነዚህ አንዱንም አያድንም፤ ቺንጋ (የሞተሩን ቀበቶ) ይበላል፣ ሞተር ያቃጥላል። ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ፋጉሎውን እዩ።

ደህና ፋጉሎ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቅርፊት ሆኖ ይወጣል። በስክሩ በኩል ያለው ፊቱ ለስላሳ፣ ሌላው ሸካራ ነው፤ ሲሰብሩት ቀጭ ይላል፣ ጣት አያወዛም። ዱቄት ሆኖ የሚበተንና የቃጠሎ ሽታ ያለው ከሆነ ኑጉ ደርቋል። እንደ ሊጥ እየተለጠጠ ከወጣ፣ እንፋሎት ካበዛና ዘይቱ አረፋ ከያዘ ደግሞ ኑጉ ረጥቧል። ቅርፊቱ መልኩ አምሮ ሳለ ወረቀት ላይ ሲጫኑት ዘይት የሚተው ከሆነ፣ ያኔ ብረቱን መጠርጠር ይገባል።

ከዓይን ይልቅ ሚዛን ይታመናል። 40 በመቶ ዘይት ያለው 100 ኪሎ ኑግ በደንብ ሲጨመቅ ወደ 67 ኪሎ ፋጉሎና 33 ኪሎ ዘይት ይሰጣል፤ ዘይቱ በሊትር 36 ገደማ ነው። ያ ፋጉሎ 10 በመቶ ያህል ዘይት ቀርቶበታል። ፋጉሎው 75 ኪሎ ከመዘነ ግን ከአምስት እጅ አንዱ ዘይት ነው፤ ከደህናው ፋጉሎ በላይ 9 ሊትር ያህል ዘይት ከብት ሊበላው ነው ማለት ነው። ከዘይቱ ሥር የሚዘቅጠውን ዝቃጭም አብራችሁ መዝኑ፣ አለዚያ ሂሳቡ ያታልላችኋል።

እርጥበቱ ከ6 እስከ 8 በመቶ ቢሆን ለአብዛኛው ትንሽ መጭመቂያ ይስማማል። በኅዳርና በታኅሣሥ የገባ አዲስ ኑግ ገና እርጥበት አለው። ክረምቱን በሐይቁ ዳር መጋዘን የከረመም አየሩን ይጠጣል፤ ጆንያው መሬትና ግድግዳ ከነካ የባሰ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ችግሩ ተገልብጦ ድርቀት ይሆናል። ለመለካት 200 ግራም መዝናችሁ በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቁ፤ 186 ግራም ከቀረ እርጥበቱ 7 በመቶ ነበር። 4 በመቶ ብቻ ያለውን 100 ኪሎ ኑግ ወደ 7 ለማምጣት 3.2 ሊትር ውኃ ይበቃል። ውኃውን እየረጩ በአካፋ አገላብጡት፣ ሸራ አልብሱት፣ አሳድሩት። ረጭቶ ወዲያው መጭመቅ ጥቅም የለውም፤ ውኃው ላዩ ላይ እንዳለ ስለሚገባ ፍሬው በስክሩ ላይ ይንሸራተታል። የረጠበውን ደግሞ ፀሐይ ላይ በስሱ አስጡ ወይም በምጣድ ጥቂት አሙቁ። እስኪጠቁር መቁላት ዘይቱን ያጠቁረዋል፣ ያመርረዋልም።

ቀዝቃዛ ማሽን ላይ ኑግ መሙላት ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። መውጫውን ክፍት አድርጋችሁ፣ የቀደመውን ቀን ደረቅ ፋጉሎ ከጥቂት ኑግ ጋር ቀላቅላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አስኪዱት። ስክሩን የከበበው በርሜል እጅ ሲያስነሳ ኑጉን ጨምሩ፣ መውጫውን በሩብ ዙር በሩብ ዙር አጥብቡ፤ ከእያንዳንዱ ሩብ ዙር በኋላ ፋጉሎው እስኪረጋጋ ጠብቁ። ሞተሩ ላይ ከተጻፈው አምፔር ማለፍ የለበትም። እንዲያውም ዝቅ ቢል ይሻላል፦ አብዛኛው ሞተር የተሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ አየር ነው፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ሞተርም እንደ ቆላው አይቀዘቅዝም።

አዲስ የተገዛ ወይም ዝገት የያዘ ማሽን ኑጉን ይዞ አልጎትት ቢል አትደንግጡ። ደረቅ ፋጉሎ ደጋግማችሁ አሳልፉበት፣ ውስጡ ይወለወላል። ትናንት ደህና የነበረው ዛሬ ጨርሶ አልጎትት ካለ ግን ስክሩ ወዴት እንደሚዞር ተመልከቱ። ትራንስፎርመር ወይም መስመር ከተጠገነ በኋላ ፌዝ ተቀያይሮ ሞተሩ ወደ ኋላ ሊዞር ይችላል። ኤሌክትሪሺያን ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን ቢያቀያይራቸው ይስተካከላል።

መብራት ሲጠፋ የሚሠራው ሥራ ደቂቃ አይሰጥም። ማብሪያውን ዝጉ፣ የኑጉን መግቢያ ዝጉ፣ መውጫውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፣ ፑሌጃውን በእጅ እያዞራችሁ የቻላችሁትን ያህል አስወጡ። በርሜል ውስጥ የቀዘቀዘ ፋጉሎ ድንጋይ ይሆናል። መብራት ሲመጣ በዚያው ማስነሳት ቺንጋውን ይበጥሳል ወይም የሞተሩን ጥቅልል ሽቦ ያቃጥላል። ስለዚህ በተራ ማብሪያ ፈንታ ኮንታክተር (መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚለቅ ማብሪያ) እና ኦቨርሎድ (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲጫን ኃይል የሚያስቆርጥ መከላከያ) ይግጠሙለት፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ቁልፉ ካልተጫነ አይነሳም። የደረቀበት ማሽን ላይ ብሎኖቹን ፍቱ፣ የበርሜሉን ብረቶች በተራ ቁጥራቸው አስቀምጡ፣ ፋጉሎውን በመፋቂያ አንሱ። መግቢያው ውስጥ እጅም ፌሮም አይገባም፣ ማሽኑ ቆሞ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ኃይሉ ይቆረጥ።

አሁን ወደ ብረቱ። አውድማ ላይ በከብት የተወቃ ኑግ አፈርና አሸዋ ይዞ ይመጣል፣ ስክር የሚበላውም ይህ ነው። ሁለት ወንፊት ያስፈልጋል፦ የላይኛው ጠጠሩን አስቀርቶ ኑጉን የሚያሳልፍ፣ የታችኛው ኑጉን ይዞ አሸዋውን የሚጥል። መግቢያው ላይ ማግኔት ማሰር ከምስማርና ከሽቦ ቁራጭ ያድናል። ስክሩ ቀድሞ የሚበላው ጭነቱ በሚበዛበት፣ በመውጫው በኩል ባለው ጫፍ ነው። ጠርዙ ክብ ሆኖ ከተላገ፣ ኑጉም እርጥበቱም ሙቀቱም ልክ ሆኖ ፋጉሎው ዘይት ከያዘ፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ያንን ቁራጭ በጠንካራ ኤሌክትሮድ አስበይዳችሁ ቶርኖ ቤት ልኩን አስይዙት፣ ወይም ለውጡት። ልኩን ለማስያዝ ያልተበላ ቁራጭ ለናሙና ይዛችሁ ሂዱ። በበርሜሉ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከሰፋም ዝቃጩ ይበዛል፤ ክፍተቱ ከተደፈነ ደግሞ ዘይቱ ወደ መግቢያው ይመለሳል።

የኩሽኔታውን ግራሶ ጠብቁ፣ ወደ ዘይት መቀበያው እንዳይንጠባጠብም እዩ። በኩሽኔታ በኩል ሲንጫጫ ነገ እናየዋለን አይባልም፤ ስክሩ በሙሉ ኃይሉ ወደ ኋላ የሚገፋው እሱን ነው።

የወጣው ዘይት ከሥር ከፍ ብሎ ቧንቧ ባለው ዕቃ ከ3 እስከ 5 ቀን ይርጋ፣ ከዚያ በደረቀ ድርብ አቡጀዲ ይጣራ። ከሥር የቀረውን ዝቃጭ ከሚቀጥለው ኑግ ጋር በጥቂት በጥቂቱ ቀላቅላችሁ መልሳችሁ መጭመቅ ትችላላችሁ፤ አንድ ጊዜ ብዙ ከጨመራችሁ ግን ማሽኑ መጎተት ያቆማል። ጀሪካኑን እስከ አፉ ሙሉት፣ ከፀሐይ አርቁት፤ የኑግ ዘይት ብርሃንና አየር ካገኘ ሽታውና ጣዕሙ ቶሎ ይበላሻል።