መርከብ ስትወዛወዝ ከአልጋ ላይ ሳይንከባለሉ ለመተኛት

ባሕር ዳር ሠልጥናችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ውቅያኖስ ለምትወጡ ካዴቶች፦ መርከቧ ወደ ግራና ቀኝ ስትወዛወዝ እንቅልፍ ቢወስዳችሁ እንኳ ሰውነታችሁ ላለመንከባለል ሲታገል ያድራል። ጀርባና አንገት ተሳስሮ ትነሣላችሁ። በዚያ ላይ የሥራ ተራችሁ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ከሆነ በጣም ይከብዳል።

ትርፍ ብርድ ልብስ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉና ከፍራሹ ሥር፣ ከግድግዳው በሚርቀው ጠርዝ በኩል፣ በአልጋው ርዝመት አስገቡት። ፍራሹ ወደ ግድግዳው ያዘነብልና በመካከሉ እንደ አንቀልባ አቅፎ ይይዛችኋል። ሰውነት የሚንከባለልበት ቦታ ሲያጣ መታገሉን ይተዋል፤ ጡንቻም ይፈታል። ለውጡን በመጀመሪያው ሌሊት ታዩታላችሁ።

በብርድ ልብሱ ፋንታ የነፍስ አድን ጃኬታቸውን የሚያስገቡ ብዙ መርከበኞች አሉ። እኔ አልመክርም፤ ሌሊት የአደጋ ደወል ቢደወል በጨለማ ፍራሽ ሥር ስትፈልጉ ደቂቃ ይባክናል። ጃኬቱ ሁልጊዜ እጃችሁ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ይሁን።

ዘዴው የሚሠራው አልጋው ከመርከቧ አፍንጫ ወደ ኋላዋ በቁመት የተዘረጋ ከሆነ ነው። በአግድም ከተዘረጋ የምትንሸራተቱት ወደ ራስጌና ግርጌ ስለሆነ አይጠቅምም።